ሰፋ

መጀመሪያ ያስተማረኝ መስፋት አልነበረም፤
መተርተር ነው።
አሮጌ ኮት ጭኔ ላይ ጣል አርጎ፣ ምላጭ እያቀበለ፣
«ክሩን ብቻ» አለኝ፤ «ጨርቁ ምን በደለ?»

ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ክረምት፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤
ከፒያሳ ቁልቁል፣ ዝናቡ የዶሮ ማነቂያን ቆርቆሮ ይወቅጣል።
ሱቃችን ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል፣
እሱ ሲዘረጋ እኔ ስታጠፍ፣ እኩል።
«ዓይንሽ ዓይኔ ነው» ይልና መርፌውን ይሰጠኛል፤
ክሩን በምራቅ አሹዬ ስሰድ
አንዴ ገብቶ አራቴ ይስተኛል።
መርፌው ሲወጋኝ «አይዞሽ» አላለኝም፤
«ነጩን እንዳትነኪ» ነው ያለው፤
ቀጥሎ ጣቴን ይዞ፣ እንደ ክር ጫፍ፣
አፉ ውስጥ ከተተው።

እሱን ሙሴ ሃጎፕ ነው ያስተማረው፣
በሜትር እንጨት ጉልበቱን እየመታ፤
እኔን በከረሜላ። ጠማማ ስፌት ግን አያውቅም ይቅርታ፤
«ፍቺው።» እፈታለሁ። «እንደገና።» እንደገና።
መብራት ሄደ፣ ሻማ መጣ፣ «እንደገና።»
መኪናዋን ለመንካት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ፤
እግሬ ፔዳሉ ላይ የደረሰ ቀን
ሱቁን ዘግቶ ለስላሳ ጋበዘኝ።

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጆንያ አለ፣
እራፊ የሞላው፣ አንዱም ያልተጣለ።
ይህ የእትዬ ትርንጎ ቀሚስ፣ ሲያጥር የተረፈው ጫፍ፤
ይህ የኑሪያ የሰርጓ ገበር፣ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ፤
ይህ የሻምበል ምናሴ ሱሪ፣
ከግንባር ሲመለሱ ያላስፈለጋቸው
አንዱ እግር።
ካሬ ካሬ ቆርጦ «ይህን ከዚህ ጋር» ይለኛል፤ «ያንን ከዚያ።»
«ምን ይጠቅማል?» አልኩት።
«ጥቀሚው፤ ይጠቅማል።»

አክስቴ በላይነሽ አንድ ቀን ገብታ ሳቀች፦
«ድሪቶ ልታለብሳት ነው ልጅቷን?»
አባቴ ካውያው ላይ እንትፍ አለ፤ ካውያው ጮኸ።
«ድሪቶ ያጣ ሰው ነው የሚለብሰው» አለ፤
«ይህ ሰው እንዳናጣ ነው።»

አንድ ኮት ብቻ መቀስ አልቀረበውም።
ቀብድ ከፍሎ በዚያው የቀረ ልጅ ነበር፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ
ፋሲካ በመጣ ቁጥር ይራገፍ ነበር።
«ቢመጣስ?»

ከዚያ «መንገዱ ሊሰፋ ነው» ተባለ።
አባቴ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣
«ይሰፋ» አለ፤ «ክር ካላቸው።»
ሰፈሩ ሳቀ። በነጋታው በራችን ላይ
በቀይ ቀለም አሰመሩ፤
እሱ በጠመኔ እንደሚያሰምረው፣ ከመቁረጡ በፊት።
«ስንት ጊዜ ለኩት?» አለ፤
ማንም አልመለሰለት።

ዶዘሩ ሲመጣ ማዶ ቆመን ነበር።
ግድግዳው አልተተረተረም፤ ተቀደደ፤
የእትዬ ትርንጎ ጓዳ ከነምስማሩ ፀሐይ ላይ ወጣ፣
መጋረጃዋን ነፋስ ይዟት ሄደ።
የአባቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ አይሰማም፤
እኔ ግን አፉን ማንበብ አውቃለሁ፦
ጨርቁ ምን በደለ።

አሁን ፎቅ ላይ ነን። እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ክር የምሰደውም፣ የምቆርጠውም እኔ ነኝ፤
የመጨረሻውን ረድፍ ስገጥም ነው
ዓይኔ የተገለጠልኝ፦
ኑሪያ ከትርንጎ ቀጥላ፣ ሻምበል ከኑሪያ፣
ጥጉ ላይ የኛ ሱቅ፣ ሁለት ጣት የማትሞላ፣
በመሃል ለመሃል ግራጫ ቀጭን ጨርቅ፣ እየተጠማዘዘች—
መንገዳችን ናት፤
ሳትሰፋ የተሰፋች።

አንድ ካሬ ጎደለ። ኮቱን አወረደ፤
መቀሱን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።
እኔ ባዶው ላይ አቡጀዲ አስገባሁ፤
እሱ በምላጭ፣ ክሩን ብቻ፣ ከኮቱ አንድ ቁልፍ ፈታና
አቡጀዲው ላይ፣ ጣቱን ሦስቴ ወግቶ፣ ሰፋው።
«ቁልፉ ከውጭ ይሁን» አለኝ፤
«ሌሊት ቢመጣ እንዳይቸገር።»